ቱሮን፦ ስለ ፊሊፒኖች የሙዝ ጥቅልል ጥብስ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከቀላሉ ተነስተን ወደሚያስቸግረው እንሄዳለን፤ የቸኮለ የሚፈልገውን ጥያቄ ብቻ መርጦ ያንብብ።

ቱሮን ምንድን ነው?

በስስ ሊጥ ተጠቅልሎ የተጠበሰ ሙዝ ነው። ሙዙ ቡናማ ስኳር ላይ ይንከባለላል፣ አጠገቡ ቀጭን የበሰለ ጃክፍሩት (ጣፋጭ የሐሩር አገር ፍራፍሬ) ይጋደማል፣ ሁለቱም አንድ ላይ ይጠቀለሉና ዘይት ውስጥ ይገባሉ። ዘይቱ ላይ የሚበተነው ስኳር ቀልጦ ጥቅልሉን ስለሚለብሰው፣ ሲቀዘቅዝ ላዩ ያብለጨልጫል፣ ሲነከስም ኩርሽም ይላል። ፊሊፒንስ ውስጥ የመንገድ ዳር ምግብ ነው፤ መርየንዳ በሚሉት የከሰዓት መክሰስ ሰዓት በብዛት ይበላል። አጠገቡ በእንጨት ተሰክቶ የሚሸጠው፣ ሊጥ የሌለው በስኳር የተጠበሰ ሙዝ ባናና ኪዩ ነው፤ ከቱሮን ጋር አይምታታባችሁ።

ዱባይ፣ ኩዌት ወይም ቤይሩት ከፊሊፒኖች ጋር አንድ ወጥ ቤት ውስጥ ከሠሩ እህቶቻችን መካከል ቱሮንን ከዚያው የለመዱ አሉ። አገር ቤት ላለ ሰው ሲያስረዱ “ሳምቡሳ በለው፣ ምስሩ በሙዝ ተተክቶ” ይሉታል። አባባሉ ከእውነት አይርቅም። ልዩነቱ ምስር ደረቅ ነው፣ ሙዝ እርጥብ ነው፤ ሳምቡሳ ላይ ስኳር የለም፣ እዚህ ከውስጥም ከውጭም አለ። ከታች የምታነቡት ጣጣ ሁሉ የሚመጣው ከእነዚህ ከሁለቱ ነው።

ለ12 ጥቅልል ምን ምን ልግዛ?

መካከለኛ መጠን ያላቸው 6 ሙዞች፣ ጎናቸው 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ 12 የስፕሪንግ ሮል ሊጥ፣ ሙዙን ለማንከባለል 100 ግራም ያህል ቡናማ ስኳር፣ ዘይቱ ላይ ለመበተን ሌላ 4 ወይም 5 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ 100 ግራም ያህል ጃክፍሩት፣ ለማጣበቂያ 1 የሾርባ ማንኪያ የፉርኖ ዱቄት፣ ድስቱ ውስጥ 3 ወይም 4 ሳንቲ ሜትር ከፍታ የሚሞላ ዘይት። ቁንጥር ጨው ስኳሩ ውስጥ ጣል ማድረግ ጣዕሙን ያነሳዋል። ቀረፋ ወይም ኮረሪማ ከወደዳችሁ ያምርበታል፤ የፊሊፒኖቹ መንገድ ግን አይደለም።

ዘይቱ የራሱ ሽታ የሌለው ይሁን፤ የሱፍ ወይም የፓልም ዘይት ይሆናል። የኑግ ዘይት ጠረኑ ሙዙን ይጫነዋል።

የትኛው ሙዝ ነው የሚሻለው?

እነሱ የሚሠሩበት ሳባ የሚባለው ነው፤ አጠር ወፈር ያለ፣ ማዕዘን ያለው፣ ሲበስልም ጠንከር ብሎ የሚቀር የማብሰያ ሙዝ። ስታርቹ ብዙ ስለሆነ ዘይት ውስጥ ቅርፁን ይይዛል። እኛ ጋ ገበያ ላይ የሚገኘው፣ በብዛት ከአርባ ምንጭ የሚመጣው ሙዝ፣ ካቨንዲሽ ከሚባለው ወገን ነው። እሱ ጥሬውን ለመብላት የተመቸ፣ ለስላሳና ውሃ የሚበዛበት ነው። ለቱሮን አይሆንም ማለት አይደለም፤ መምረጥ ግን ይጠይቃል። ቆዳው ሙሉ ቢጫ ሆኖ ጫፉ ላይ ገና ትንሽ አረንጓዴ የቀረውን ውሰዱ። ጥቁር ነጠብጣብ የበዛበትን ተዉት፤ ጥቅልሉ ውስጥ ገንፎ ይሆናል።

አሜሪካ ወይም አውሮፓ ያላችሁ በአፍሪካና በላቲን አሜሪካ ሱቆች ፕላንቴይን ታገኛላችሁ፤ ከሳባ ጋር የሚቀራረበው እሱ ነው። እዚያ ላይ ደግሞ ምርጫው ይገለበጣል፦ ፕላንቴይን ቆዳው ጠቆር ጠቆር ያለ፣ በደንብ የበሰለ ካልሆነ አይጣፍጥም። አረንጓዴውን ጠቅልላችሁ ብትጠብሱ ድንች የበላችሁ ይመስላችኋል።

የሳምቡሳ ሊጥ ይሆናል?

ይሆናል። በጣም ስስ እስከሆነ ድረስ ዱቄት፣ ውሃና ጨው ብቻ ያለበት ሊጥ በቂ ነው። ዓረብ አገር ሱፐርማርኬት ፍሪዘር ውስጥ የሚሸጠው ረጅሙና ጠባቡ የሳምቡሳ ሊጥ ግን ለሦስት ማዕዘን የተቆረጠ ስለሆነ ለጥቅልል አይመችም፤ አራት ማዕዘኑን የስፕሪንግ ሮል ሊጥ ፈልጉ። ፋይሎ የሚባለው የባቅላቫ ሊጥ ለኦቨን እንጂ ለዘይት አይደለም፤ ድስት ውስጥ ይበታተናል።

ቤት ውስጥ መሥራት የሚፈልግ የሳምቡሳ ባለሙያዎችን ዘዴ ይጠቀም። ሊጡ ታሽቶ ግማሽ ሰዓት ይረፍ። ከዚያ የእንቁላል ያህል ድቡልቡል ሁለት ሁለት እያደረጋችሁ ትንሽ ትንሽ ዳምጡ፣ በመካከላቸው ዘይት ቀብታችሁ ዱቄት ነስንሱ፣ ደርባችሁ እንደገና በመዳመጫ እስኪሳሳ ዳምጡት። የጋለ ምጣድ ላይ በእያንዳንዱ ጎን ጥቂት ሰከንድ ብቻ አቆዩት። ቀለም ሳይዝ ነጭ እንዳለ አውጥታችሁ ገና በትኩሱ ሁለቱን አላቁ፤ ከቀዘቀዘ አይላቀቅም። የተላቀቀውን ወዲያው በእርጥብ ፎጣ ሸፍኑት። በሁለት ደቂቃ ውስጥ ጠርዙ ይደርቅና መጠቅለል ስትጀምሩ ይሰነጠቃል፤ ከሱቅ የተገዛውም ያው ነው።

እንዴት ነው የሚጠቀለለው? የእኔ ሁልጊዜ ይፈታል።

ሙዙን መሃል ላይ አግድም ቁረጡት፤ ግማሹ የአንድ ጥቅልል ነው። ወፍራም ከሆነ ለሁለት ሰንጥቃችሁ ጎን ለጎን አስተኙት። ሊጡን አንዱ ማዕዘን ወደ እናንተ እንዲያይ አድርጋችሁ ዘርጉት። ስኳር የነካውን ሙዝ ከመሃሉ ትንሽ ወደ ራሳችሁ አቅርባችሁ አግድም አስቀምጡ፣ ጃክፍሩቱን አስከትሉ። የታችኛውን ማዕዘን ከሙዙ በላይ አምጥታችሁ በጣታችሁ ከሥሩ ጠበቅ እያደረጋችሁ አንድ ዙር አዙሩ፣ የግራና የቀኙን ጎን ወደ ውስጥ እጠፉ፣ ከዚያ እስከ መጨረሻው አንከባሉ።

የሚፈታው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው በውሃ ብቻ መለጠፍ ነው፤ ውሃ ዘይት ውስጥ ሲገባ ይተናል፣ የያዘውም አብሮ ይለቃል። 1 ማንኪያ ዱቄት በ2 ማንኪያ ውሃ በጥብጣችሁ የመጨረሻውን ማዕዘን ሁለቱንም ጠርዝ ቀቡ፣ መዝጊያው ወደ ታች ሆኖ ለጥቂት ደቂቃ ይቀመጥ፤ ድስት ውስጥም መጀመሪያ በዚያው በኩል ይግባ። ሁለተኛው ልል መጠቅለል ነው። ክፍት ቦታ ካለ ዘይት ይገባበታል፣ እንፋሎቱም ነፍቶ ይፈነዳል።

ዘይቱ በበቂ መሞቁን በምን ልወቅ?

ቴርሞሜትር ካለ ከ170 እስከ 180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ (አዲስ አበባና ሌላ ደጋ ያላችሁ ከታች ያለውን የከፍታ ጥያቄ እዩ)። ከሌለ የሊጥ ቁራጭ ጣሉበት፦ ታች ከተቀመጠ ገና ነው፤ ወዲያው ተነስቶ በዙሪያው ትንንሽ አረፋ እየተንጫጫ ከተንሳፈፈ ደርሷል፤ በሰከንዶች ውስጥ ከጠቆረ አልፏል፣ እሳቱን ቀንሱ። ዘይቱ ከጨሰ አውርዱት። ከአራት ወይም ከአምስት በላይ አንዴ አትክተቱ፤ ዘይቱ ይቀዘቅዝና ጥቅልሉ ከመጠበስ ይልቅ ዘይት ይጠጣል።

ስኳሩ መቼ ነው የሚገባው? ወይ ይመርረኛል ወይ አይለብስም።

የቱሮን ጥበብ ያለው እዚህ ነው፣ ስለዚህ ቀስ ብለን እንየው። በተለመደው መንገድ ዘይቱ ሲሞቅ ሁለት ማንኪያ ያህል ቡናማ ስኳር ይበተንበታል። ስኳሩ መጀመሪያ ይሰምጣል፣ ከዚያ ይቀልጥና እንደ ክር እየተሳበ ወደ ላይ መምጣት ይጀምራል። ጥቅልሎቹ የሚገቡት ያኔ ነው። እያገላበጣችሁ ስትጠብሱ የቀለጠው ስኳር ሊጡ ላይ ይለጠፋል።

ይህ መንገድ ልምድ ይፈልጋል፤ ስኳር ከ160 ዲግሪ አካባቢ ጀምሮ መቅላት ይጀምርና ከወርቃማ ወደ መራራ ጥቁር ለመሄድ ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም። ለጀማሪ የምመክረው ሌላ ነው። ጥቅልሎቹን ያለ ስኳር አስገብታችሁ ሊጡ ደረቅ ብሎ ገርጣ ያለ ቢጫ እስኪይዝ ሁለት ደቂቃ ያህል ጥበሱ። ከዚያ ስኳሩን በቀጥታ በጥቅልሎቹ ጀርባ ላይ ነስንሱ፣ ገልብጡ፣ በሌላውም ጎን ነስንሱ። እሳቱን መካከለኛ አድርጋችሁ ሌላ ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ እያገላበጣችሁ አቆዩት። የሻይ ቀለም ሲይዝ አውጡት፤ ከወጣም በኋላ ትንሽ መጥቆሩ አይቀርም።

ነጭ ስኳርም ይለብሳል፣ ግን ጣዕሙ ባዶ ጣፋጭ ብቻ ነው። ቡናማው ውስጥ ያለው ሞላሰስ ነው ያንን የሸንኮራ ጠረን የሚሰጠው። ፊሊፒንስ የሸንኮራ አገር ናት፤ ኔግሮስ የምትባለው ደሴት በስኳር የታወቀች ናት፤ ጣፋጮቻቸው ላይ ቡናማ ስኳር መብዛቱ አይገርምም።

ካወጣሁት በኋላ ወረቀት ላይ ላስቀምጠው?

በጭራሽ። ሳምቡሳ ለምደን እጃችን ወደ ናፕኪን ይሄዳል፤ የቀለጠ ስኳር ግን ወረቀቱን ይዞ ይደርቅና ከጥቅልሉ ጋር ትበሉታላችሁ። የኦቨን ሽቦ ላይ፣ ከሥሩ ትሪ አድርጋችሁ ደርድሩት። ሽቦ ከሌለ ዘይት የተቀባ ትሪ ይበቃል። እርስ በርስ እንዳይነካኩ፤ ከተጣበቁ ሲለያዩ የአንዱ ልብስ ከሌላው ጋር ይሄዳል። ከማቅረባችሁ በፊት አምስት ደቂቃ ያህል ይቆይ፤ ትኩስ ካራሜል አፍ ያቃጥላል፣ ደግሞም ኩርሽም የሚለው ሲቀዘቅዝ ነው።

ለምንድን ነው ወዲያው የሚለሰልሰው?

ከውስጥ በሚወጣ እርጥበት ነው። ስኳር የነካው ሙዝ ወዲያው ውሃ ማውጣት ይጀምራል። ሙዙን ስኳር ላይ አንከባልላችሁ ሌላ ሥራ ከያዛችሁ፣ ስትመለሱ ሳህኑ ላይ ሽሮፕ ተኝቶ ታገኛላችሁ፤ ያ ሽሮፕ ጥቅልሉ ውስጥ ቢሆን ኖሮ ሊጡን ከውስጥ ያርሰው ነበር። ስለዚህ ስኳሩ ሊጠቀለል ሲል ይንካው፣ የተጠቀለለውም ሳይቆይ ይጠበስ። እንግዳ ሲመጣ አጀብ ማሰኘት የፈለገ ሙዙንና ሊጡን አዘጋጅቶ ይጠብቅ እንጂ ጠቅልሎ አይጠብቅ።

ሌላው ጥፋት ትኩሱን መክደን ነው። እንዳይቀዘቅዝ ተብሎ በሰሃን ይደፈናል ወይም ላስቲክ ውስጥ ይገባል፤ እንፋሎቱ መውጫ አጥቶ ተመልሶ ሊጡ ላይ ያርፋል። በደንብ የተሠራ ቱሮን ሳይሸፈን ለጥቂት ሰዓት ኩርሽም እንዳለ ይቆያል፤ የስኳሩ ልብስ ራሱ ይከላከልለታል። በክረምት፣ አየሩ እርጥብ ሲሆን፣ ይህም ያጥራል፤ ስኳር ከአየር ላይ እርጥበት ይስባልና።

ጃክፍሩት ካጣሁስ? በሌላ ፍራፍሬስ ይሠራል?

ያለ ጃክፍሩት ይሠራል፤ ሙዝ ብቻውን የሚጠቀልሉ ፊሊፒኖችም ብዙ ናቸው። የቆርቆሮ ስትገዙ ግን ጽሑፉን አንብቡ። በጨው ውሃ የተቀመጠው አረንጓዴ ጃክፍሩት በሥጋ ምትክ ለወጥ የሚሆን ነው፤ እናንተ የምትፈልጉት ቢጫውን፣ በሽሮፕ የተቀመጠውን ነው። እሱንም አጥልላችሁ፣ በጨርቅ አድርቃችሁ፣ እንደ ጣት ቀጭን አድርጋችሁ ሰንጥቁት።

ከሌሎቹ ውስጥ የኔ ምርጫ ቴምር ነው፤ ፍሬው ወጥቶ የተፈጨ ቴምር ከሙዙ ጎን ቀጭን መስመር አድርጋችሁ ብታስተኙት ውሃ አያመጣም፣ ስኳሩንም መቀነስ ትችላላችሁ። ማንጎ ጠንከር ያለውን መርጣችሁ ከሆነ ያምራል። ፖም ጥሬውን አይጠቀለልም፦ በትንንሹ ተከትፎ፣ በስኳርና በሎሚ ጠብታ ለብ ባለ እሳት ውሃው እስኪመጥ ይብሰል፣ በመጨረሻ አንድ የሻይ ማንኪያ ኮርን ፍላወር በትንሽ ውሃ ተበጥብጦ ይግባበትና ሲወፍር ይውረድ፤ ሙሉ በሙሉ ሳይቀዘቅዝ አትጠቅልሉት። አናናስና ፓፓያ ይቅሩባችሁ፤ ድካሙ ከውጤቱ ይበልጣል።

ለጾም ይሆናል?

ቱሮን ሲፈጠርም ወተት፣ ቅቤና እንቁላል የለበትም፤ ሙዝ፣ ስኳር፣ ዱቄት፣ ዘይት ነው። የጾም ኬክ እየፈለጉ ለሚቸገሩ ይህ ጥሩ ዜና ነው። ሦስት ነገር ብቻ አረጋግጡ። ወፈር ያለው፣ ኤግ ሮል የሚባለው ሊጥ እንቁላል አለበት፤ ስሱ የስፕሪንግ ሮል ሊጥ አብዛኛውን ጊዜ የለበትም፣ ግን የጀርባውን ጽሑፍ ሳታዩ አትግዙ። በእንቁላል ነጭ የሚለጥፉ አሉና ውጭ ስትገዙ ጠይቁ። ሥጋ ሳምቡሳ የተጠበሰበት ዘይትም ለጾም አይሆንም። አይስክሬም ጨምሮ ማቅረብ በፍስክ ነው፤ እኔ በፍስኩም አልጨምርበትም፣ የደከማችሁበትን ኩርሽም ያረጥበዋል።

ጠቅልዬ ፍሪዘር ውስጥ ባስቀምጥስ?

ይቻላል፤ የሚጎዳው ፍሪጅ እንጂ ፍሪዘር አይደለም። ፍሪጅ ውስጥ ያደረ ጥቅልል በሽሮፕ ርሶ ታገኙታላችሁ። ለፍሪዘር የምታዘጋጁትን ስኳሩን በግማሽ ቀንሱ፣ እንደጠቀለላችሁ ወዲያው ትሪ ላይ ሳይነካኩ ደርድራችሁ አስገቡ፣ ድንጋይ ሲሆን ወደ ላስቲክ ሰብስቡ። ለአንድ ወር ያህል ጣዕሙ ሳይለወጥ ይቆያል። ስትጠብሱ በረዶው እስኪለቅ አትጠብቁ፤ እንዳለ፣ ላዩ ላይ ያለውን በረዶ አራግፋችሁ፣ በመካከለኛ እሳት ቀስ ብላችሁ ክተቱት። በረዶ ዘይት ያስፈነጥራልና ፊታችሁን አርቁ።

በኤር ፍራየር ወይም በኦቨን ይወጣል?

ሌላ ነገር ሆኖ ይወጣል፣ መጥፎ ግን አይደለም። ጥቅልሉን በዘይት ቀብታችሁ ስኳር ነስንሱበት፤ ኤር ፍራየር በ200 ዲግሪ 10 ደቂቃ ያህል፣ ኦቨን በዚያው ሙቀት ከ15 እስከ 20 ደቂቃ። ሊጡ ይደርቃል፣ የሚያብለጨልጨው ልብስ ግን ዘይት ውስጥ እንደሚሆነው አይሆንም። ኤር ፍራየር ይበልጥ የሚጠቅመው የቀዘቀዘ ቱሮንን ለማሞቅ ነው። ማይክሮዌቭ ውስጥ ካስገባችሁት በሹካ ነው የምትበሉት።

መመሪያውን በዲግሪ ተከትዬ ለምን አዲስ አበባ ላይ ላዩ ያርራል፣ ውስጡ ይጠነክራል?

በከፍታው ምክንያት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ ውሃ እዚህ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ዱባይ ወይም ማኒላ ላይ ግን በ100። ሙዙ ውስጥ ያለው ውሃ ከሚፈላበት በላይ መሞቅ ስለማይችል፣ እኛ ጋ ውስጡ በ92 ዲግሪ ላይ ሆኖ ቀስ ብሎ ይበስላል። ዘይቱ ግን ከፍታ አያውቅም፤ በ180 ዲግሪ ሊጡንና ስኳሩን እንደማንኛውም ቦታ ያቀላል። ስለዚህ ላዩ ቀድሞ ይደርሳል።

ለጥብስ የሚሠራበት ልምድ በየ300 ሜትሩ ዘይቱን 1.7 ዲግሪ ያህል መቀነስ ነው፤ ለአዲስ አበባ 13 ዲግሪ ገደማ ይመጣል። በ175 የተጻፈውን በ160 እና 165 መካከል አድርጉት፣ አንድ ደቂቃ ወይም ሁለት ጨምሩ። ስኳሩን ደግሞ አዘግዩ፤ ከላይ ለጀማሪ የተባለው መንገድ ለደጋ ሰው ሁሉ ይሻላል። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር አካባቢ ስለሆነች የምትቀንሱት ግማሽ ያህሉን ብቻ ነው። ለስላሳ የአርባ ምንጭ ሙዝ ጥሬውንም ስለሚበላ ችግሩ አይጎላበትም፤ ፕላንቴይን ወይም ያልበሰለ ሙዝ ላይ ነው የሚታወቀው።

የቀለጠ ስኳር እጄ ላይ ቢፈናጠርስ?

ከተራ ዘይት የከፋ ነው፣ ቆዳ ላይ ተጣብቆ ማቃጠሉን ይቀጥላልና። ወዲያው በሚወርድ ቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ ሥር 20 ደቂቃ ያዙት። የተጣበቀውን አትላጡ። የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ እንቁላል አትቀቡ፣ በረዶም አታድርጉ። ሰፊ ከሆነ፣ ወይም ፊት ላይና መገጣጠሚያ ላይ ከሆነ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። ዘይቱ ራሱ እሳት ከያዘ ጋዙን ዝጉና በክዳን ድፈኑት፤ ውሃ ከደፋችሁበት እሳቱ ጣሪያ ይደርሳል።

የተረፈውን ዘይት ደግሜ ልጠቀምበት? ድስቱስ በምን ይጸዳል?

ስኳር ያልገባበትን ዘይት አጥልሎ አንድ ሁለቴ መድገም ይቻላል። የቱሮን ዘይት ግን ሥሩ ላይ የቀረው ስኳር በሚቀጥለው ሙቀት ያርርና አዲሱን ጥቅልል ያመርረዋል። በአንድ ቀን ብዙ የምትጠብሱ ከሆነ በየዙሩ ቀዳዳ ባለው ጭልፋ ከታች ያለውን ጥቁር ቅሪት እያወጣችሁ ቀጥሉ፤ ዘይቱ ራሱ ሲጠቁርና ሲሸት ለውጡት። መሸጥ ያሰበ ሰው ይህን ወጪ ከመጀመሪያው ያስላው፤ ቱሮን ከቦምቦሊኖ ይልቅ ዘይት ይፈጃል። ዘይት ለመቆጠብ ከፈለጋችሁ በአንድ ድስት ያለ ስኳር ጠብሳችሁ፣ በሌላ መጥበሻ ላይ ስኳር በትንሽ ውሃ አቅልጣችሁ ጥቅልሎቹን እዚያ ውስጥ አንከባሉ። ልብሱ ወፈር ይላል፣ ዘይቱ ግን ንጹሕ ሆኖ ይቀራል።

ድስቱን በሽቦ አትፈግፍጉ። ዘይቱ በደንብ ቀዝቅዞ ከተገለበጠ በኋላ፣ ውሃ ሞልታችሁ መልሳችሁ ጣዱት፤ ሲፈላ የደረቀው ካራሜል በራሱ ሟሙቶ ይለቃል።